የዴዝ ኦለረንሾን ስንብት ለመወሰን የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የክሌግብሩክ ታውን እግር ኳስ ክለብ የሥራ አመራር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ኤፕሪል 26 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.

ቦታ፦ የክለቡ መጠጥ ቤት። የስብሰባ ክፍሉ ጣሪያ ስለሚያፈስ ነው።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። በጥሪው ላይ አንድ ሰዓት የተባለውን ያመነ ጸሐፊው ብቻ ነው።

የተገኙ፦
አቶ ክሊፎርድ ዱክወርዝ፣ ሊቀ መንበር (ባለ ሥጋ ቤት)
ወ/ሮ ብሬንዳ ሃዝልደን፣ ገንዘብ ያዥና የመጠጥ ቤቱ ኃላፊ
አቶ ግሌን ፒክልስ፣ ዋና አሠልጣኝ
አቶ አልበርት ሊድቤተር፣ የሜዳ ጠባቂ
አቶ ዴዝ ኦለረንሾ፣ አጥቂና የተጫዋቾች ተወካይ
አቶ ኖርማን ታተርሳል፣ ጸሐፊ፣ ይህን የሚጽፈው

ያልተገኙ፦ ምክትል ሊቀ መንበሩ ስፔን ባሕር ዳር ናቸው፤ ሰላምታ ልከዋል። አቶ ሃሮልድ ብሪግስ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ስማቸውን ከአባላት ዝርዝር ለመሰረዝ የደፈረ ግን የለም። ዘጠነኛው አባል በሚሸጡት የሥጋ ፓይ (በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ሥጋ) ጥራት ምክንያት ከሊቀ መንበሩ ጋር አይነጋገሩም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ አንቀጽ 14 መሠረት፣ ሊቀ መንበሩ የመዝጊያውን መዶሻ እስኪመቱ ድረስ ስድስት አባላት በክፍሉ ውስጥ ካልተገኙ፣ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ስድስት መሆናችን ተቆጥሮ ተጀመረ። መዶሻው ሊቀ መንበሩ ከሱቃቸው ያመጡት የሥጋ መጠፍጠፊያ ነው።

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ወ/ሮ ሃዝልደን ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ ቅሬታ አቀረቡ። «ሞቅ ያለ የሐሳብ ልውውጥ ተደረገ» ተብሎ የተጻፈው ወንበር የተወረወረበት ምሽት መሆኑን አስታውሰው፣ ከእንግዲህ የተባለው እንደተባለ ይጻፍ አሉ። ተቀባይነት አገኘ። ጸሐፊው ለሚከተለው ሁሉ ኃላፊነት አይወስድም።

አጀንዳ 1፦ የግድግዳው ሰዓት

ከገና ጀምሮ ቆሞ የነበረው ሰዓት መሥራት መጀመሩ ታይቶ፣ ባትሪ ፈልገው ላገኙት ለወ/ሮ ሃዝልደን ምስጋና ይድረሳቸው ተባለ። ባትሪውን ከየት እንዳገኙ የጠየቀ የለም። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዚህ ምሽት በሙሉ ድምፅ የተወሰነው ይኸው ብቻ እንደሚሆን ጸሐፊው ያኔውኑ ጠርጥሮ ነበር።

አጀንዳ 2፦ የአጥቂው ጉዳይ

ሊቀ መንበሩ ጉዳዩ አቶ ኦለረንሾን የሚመለከት ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ውጪ ይጠብቁን አሉ። አቶ ኦለረንሾ ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ያልሰማ መሰለ። በሩ ጋ ሲደርሱ አቶ ሊድቤተር፦ «ክሊፍ፣ እሱ ከወጣ እኮ አምስት ነን። አምስት ሆኖ መቀመጥ ደግሞ ስብሰባ አይባልም፣ መጠጣት ነው» አሉ። አቶ ኦለረንሾ ተመለሱ።

ከተመለሱ በኋላ ሊቀ መንበሩ «ኦሊ፣ መቼም ሁላችንም እንደምንወድህ ታውቃለህ» ብለው ጀመሩና ቢራ ሊቀዱ ሄዱ። አሠልጣኙ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ወ/ሮ ሃዝልደን ስለ ዝናቡ አነሡ። ስለ ዝናቡ ረዥም ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ አቶ ኦለረንሾ ከክፍሉ ሳይወጡ፣ ጥግ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የመጠጥ ቤቱን ሬዲዮ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ እንዲቀመጡ ተወሰነ። የዛሬውን ጨዋታ ይከታተላሉ ተባለ። አቶ ኦለረንሾ «እሺ» ብለው ማዳመጫውን አጠለቁ። «ይሰማሃል?» ተብለው ሲጠየቁ ዝም አሉ። ዝምታቸው እኛን እንደማይሰሙ ማረጋገጫ ሆኖ ተወሰደ።

አቶ ፒክልስ የተጫዋቹን የሥራ ታሪክ አነበቡ። ባጭሩ እንዲህ ነው። በልጅነታቸው ትልቅ ክለብ ገብተው የታላላቆቻቸውን ታኬታ ሲጠርጉ አደጉ። ለዋናው ቡድን አንዴ ተሰለፉ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ገብተው፣ ኳሷን መረብ ላይ አሳርፈው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ደጋፊው ሲሮጡ የመስመር ዳኛው ባንዲራ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በውሰት ተላኩ፣ ከውሰት ወደ ሌላ ውሰት፣ ከዚያም ከምድብ ወደ ምድብ፣ ሁልጊዜ ወደ ታች። ከሰሜኑ ካርላይል እስከ ደቡቡ ፕሊመዝ ሻይ ያልጠጡበት መልበሻ ክፍል የለም። በመጨረሻ ወደ ተወለዱበት ክሌግብሩክ ተመለሱ። እነሆ ዘጠኝ ዓመት በሳምንቱ ቀናት ፖስታ ያድላሉ፣ ቅዳሜ ይጫወታሉ። ዕድሜያቸው ሠላሳ ስምንት ነው።

አቶ ሊድቤተር ዋናው ነገር ተዘሏል ብለው ተቃወሙ። ከላይኛው ሊግ የመጣ ቡድን ላይ በዋንጫ ጨዋታ በጭንቅላታቸው ያገቧት ጎል አልተነበበችም። አሠልጣኙ ያን ቀን ሰባት ለአንድ መሸነፋችንን አስታወሱ።

አቶ ሊድቤተር፦ «ሰባቱን ማን ያስታውሳል? ፎቶው የተሰቀለው የአንዷ አይደለም እንዴ!»

ኮሚቴው ቀና ብሎ ፎቶው ከቢራ መቅጃው በላይ መሰቀሉን አረጋገጠ። በፎቶው ላይ አቶ ኦለረንሾ ከመሬት ተነሥተው ይታያሉ። የዛሬ ልጆች ይህን አያምኑም።

አቶ ፒክልስ፦ «እሱ እኮ ጎል ማግባት አላቃተውም። የሚያገባው ባንዲራው ከተነሣ በኋላ ነው እንጂ! ከጨዋታ ውጪ ያልተያዘበት ቅዳሜ የለም። ከመስመር ዳኞቹ ጋር በስም ነው የሚጠራሩት። አንዱማ ለገና ካርድ ልኮለታል።»

ወ/ሮ ሃዝልደን ካርዱን ማየታቸውን፣ ቆንጆ እንደነበረም ገለጹ።

አቶ ሊድቤተር አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆነ አጥቂ ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ እንዳይሠራ ለፌዴሬሽኑ ይጻፍ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ «ጉልበት ያለው ይመላለስ፤ ጉልበት የሌለው እዚያው ይጠብቅ፤ ምን ክፋት አለው?» አሉ። ጸሐፊው ደገፈ። በሦስት ለሁለት ወደቀ። በዚህ ጊዜ ከጥጉ በኩል አቶ ኦለረንሾ በረዥሙ ሲተነፍሱ ተሰማ። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ጎል ስቶ ይሆናል ተብሎ ታለፈ።

ሊቀ መንበሩ ምትክ መገኘቱን አበሠሩ። ኪየረን ይባላል፣ ዕድሜው ሃያ ነው። የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ መሆኑ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ተናገሩ።

ወ/ሮ ሃዝልደን፦ «ልጁ ነፋስ ነው! ባለፈው ልምምድ ላይ ሮጦ ሮጦ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄዷል።»

አቶ ሊድቤተር፦ «ኳሷስ?»

ወ/ሮ ሃዝልደን፦ «ኳሷማ እዚሁ ቀረች።»

ድምፅ ተሰጠ። ለማሰናበት ሦስት፣ በመቃወም ሁለት። አቶ ሊድቤተር የጥጉ ሰውም አባል ነው፣ ድምፁ ይጠየቅ ብለው ጮኹ። «ለቁጥር ሲሆን ሰው፣ ለድምፅ ሲሆን ግድግዳ ነው?» አሉ። ሊቀ መንበሩ ጀርባ መስጠት ድምፅ እንደ መንፈግ ይቆጠራል ብለው በየኑ። ስለዚህ አቶ ኦለረንሾ ከዛሬ ጀምሮ እንዲሰናበቱ፣ የፊታችን ቅዳሜ በሚደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታም ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ እንዳይቀመጡ ተወሰነ። ጸሐፊው አዝኗል። ይህም ይመዝገብልኝ ብሎ፣ ራሱ መዘገበው።

አጀንዳ 3፦ መዝሙሩ

ደጋፊዎቻችን የሚያውቁት አንድ መዝሙር ብቻ መሆኑ፣ እሱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ኦለረንሾ» የሚል መሆኑ ተነሣ። አዲስ መዝሙር ማስተማር ይቻል እንደሆነ ተጠይቆ፣ ይህኛውን ለመልመድ ሁለት ዓመት እንደፈጀባቸው ተገለጸ። ከረዥም ውይይት በኋላ መዝሙሩ ባለበት እንዲቀጥል፣ ኪየረንም ሜዳ ውስጥ እስካለ ድረስ ኦለረንሾ ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ስም የታተመበት ማሊያም እንዳይባክን በዚሁ ይፈታል ተባለ። ከጥጉ በኩል ወንበር ተንቋቋ።

አጀንዳ 4፦ ለአቶ ኦለረንሾ ማን ይንገራቸው?

ሊቀ መንበሩ ይህ የአሠልጣኝ ሥራ ነው አሉ። አሠልጣኙ በአቶ ኦለረንሾ ሠርግ ላይ ሚዜ እንደነበሩ ገልጸው ለገንዘብ ያዧ አስተላለፉ። ወ/ሮ ሃዝልደን «እኔ አላደርገውም፣ አለቅሳለሁ» አሉ። በደብዳቤ ይነገራቸው ተባለና በደስታ ጸደቀ። ጸሐፊው ለዚህ ሰፈር ደብዳቤ የሚያድሉት አቶ ኦለረንሾ ራሳቸው መሆናቸውን ሲያስታውስ ደስታው ተሻረ።

ሊቀ መንበሩ ቅዳሜ በዕረፍት ሰዓት፣ በድምፅ ማጉያ፣ ሥጋ የሚሸለምበት የደጋፊዎች ዕጣ ቁጥሮች ሲነበቡ መሐል ላይ ይገባ አሉ።

አቶ ሊድቤተር፦ «ምን? ሰውየውን ከቋሊማ ጋር ልታነቡት ነው? ዘጠኝ ዓመት በጭቃ ውስጥ ሲንከባለልላችሁ ኖሮ፣ ‹አረንጓዴ ቲኬት፣ ሁለት ኪሎ ቋሊማ፣ ኦለረንሾ ደግሞ ተባሯል› ልትሉት? አታፍሩም? በቃ እኔው ልውጣና ስብሰባችሁ ይፍረስ!»

የቢራ መወልወያ ፎጣቸውን ይዘው ሄደው በሩን ከፈቱ። እግራቸውን ከደፉ ላይ ሊያነሡ ሲሉ፣ ከጥጉ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ፣ አቶ ኦለረንሾ፦

«ተዋት አልበርት! የኔ ናት!»

ሜዳ ላይ ኳስ ስትመጣ የሚሉት ነው። ወ/ሮ ሃዝልደን ተነሥተው የሬዲዮውን ጀርባ ከፈቱ። የባትሪው ቦታ ባዶ ነበር። ሁሉም የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ሰዓቱ በደንብ እየሠራ ነበር።

ወ/ሮ ሃዝልደን፦ «ኦሊዬ! ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምተሃል ማለት ነው?»

አቶ ኦለረንሾ፦ «ተቀመጥ አላችሁኝ፣ ተቀመጥኩ። ለዕጣው ግን ከቋሊማው ይልቅ የጎድን ሥጋው ይሻለኝ ነበር።»

አቶ ኦለረንሾ ማዳመጫውን አውልቀው ቀጠሉ። ተናግረው አያውቁም፤ በዘጠኝ ዓመት ስብሰባ ጸሐፊው ከእሳቸው የመዘገበው «እሺ» የሚለውን ብቻ ነው። እንደተባለው ይጻፋል።

«ጉልበቴ ማለቁን ከእናንተ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ሚስቴ ከታች ሆና ትሰማዋለች። ግሌን ያለውም ውሸት የለበትም። ግን ስሙኝ። ጠዋት ፖስታ ይዤ በር ሳንኳኳ፣ ሰው ሁሉ ‹ኦሊ፣ ቅዳሜ ታገባለህ?› ይለኛል። አሮጊቶቹም፣ ኳስ የማይወዱትም። ‹አገባለሁ› እላለሁ። አላገባም፣ ሰኞ ደግሞ ይጠይቁኛል። ከዚህ ወዲያ ምን ይበሉኝ? ‹የመብራት ቢል አምጥተሃል?› ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሜዳ ላይ ነኝ። እዚያ ካልሆንኩ የት እንደምቆም አላውቅም። አንድ ዓመት ስጡኝ አልልም። ቅዳሜን ስጡኝ።»

ሊቀ መንበሩ ነገሩ ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጸው፣ ልባቸው ሳይነካ ስብሰባውን ቶሎ ለመዝጋት መዶሻውን መፈለግ ጀመሩ። መዶሻው ከካፖርቶቹ ሥር ነበር። አቶ ኦለረንሾ ይህን አይተው ተነሡ፤ ከጥጉ እስከ በሩ ያለውንም ቦታ በዓይናቸው ለኩ።

አቶ ፒክልስ፦ «ክሊፍ ቶሎ በል! ሊወጣ ነው!»

አቶ ኦለረንሾ ሮጡ። ሩጫ ማለት ይቻል እንደሆነ ኮሚቴው ኋላ ተከራክሯል። የቢሊያርዱን ጠረጴዛ በግራ አልፈው፣ አሠልጣኙ ማሊያቸውን ሊይዙ ሲሉ በትከሻ ሸወድ አድርገዋቸው፣ በክፍቱ በር ወደ ዝናቡ ገቡ። መዶሻው ጠረጴዛውን መታ። አንድ የፓይ ሳህን ተሰበረ።

አጀንዳ 5፦ መዶሻው ሲመታ አቶ ኦለረንሾ የት ነበሩ? (በድንገት የተያዘ)

አቶ ፒክልስ «አንድ እግሩ ውስጥ ነበር! በዓይኔ አይቻለሁ!» አሉ። ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። አቶ ሊድቤተር በደፉ ልክ ቀጥ ብለው ቆመው፣ የቢራ ፎጣውን ከጭንቅላታቸው በላይ ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«እኔ መስመሩ ላይ ነበርኩ» አሉ። «አልፏል። በደንብ አልፏል።»

ጸሐፊው ምስክርነት ተጠየቀ። አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ስለነበር ምንም አላየም፤ አልፈው ነበር ብሎ መሰከረ። በዕድሜ ልካቸው ለአቶ ኦለረንሾ ባንዲራ ተነሥቶ ሲጠቅማቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ውጪ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መኪና ማቆሚያው ሲሮጡ በመስኮቱ ታዩ፤ ከዚያ ጉልበታቸው አስቆማቸው። ሊቀ መንበሩ ፎጣውን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ «ከመስመር ዳኛ ጋር አልከራከርም» ብለው ተቀመጡ። አሠልጣኙ ወንበር ወረወሩ።

ውሳኔ፦ በአንቀጽ 14 መሠረት ስብሰባው ስድስት ሰው እያለ ስላልተዘጋ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ አልተወሰነም። ስንብቱ፣ የኪየረን ስም፣ የቋሊማው ማስታወቂያ፣ ሁሉም ተሽሯል። ለሰዓቱ ባትሪ የቀረበው ምስጋናም አብሮ በመሻሩ ወ/ሮ ሃዝልደን ተቀይመው ባትሪውን ነቅለው ወደ ሬዲዮው መለሱት። ሰዓቱ ቆሟል። በዚህም ምክንያት ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደተበተነ አልታወቀም።

አቶ ኦለረንሾ ለሌላ ስብሰባ የሚመቻቸው ቀን በመስኮቱ በኩል ተጠየቁ። ዝናብ እየወረደባቸው ትንሽ አሰቡና፦

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት» አሉ። «የት እንደምቆም ታውቃላችሁ።»

ኖርማን ታተርሳል፣ ጸሐፊ
(ፊርማ)