ማህተሙ ከምክር ቤቱ፣ ቀለሙ ከሊቀመንበሩ

ሥልጣን ትልቅ ትንሽ የለውም። ከተማ የሚያስተዳድረውም፣ የሠርግ ድንኳን በር ላይ ቆሞ «አንተ ግባ፣ አንተ ቆይ» የሚለውም ደረቱን የሚነፋው እኩል ነው። እንዲያውም ልንገራችሁ፣ ሁለተኛው ይብሳል። የትልቅ ከተማ ከንቲባ ከምክር ቤቱ ጋር ሲጣላ በሬዲዮ ሰምተን ሻያችንን እንጠጣለን፤ ቀበሌ ውስጥ ሲጣሉ ግን ጥሉ የሚያርፈው መታወቂያችን ላይ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ካዛንቺስ ውስጥ የአንድ ቀበሌ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የተመረጥኩት በእጅ ጽሑፌ ነው። ሌላ ችሎታ አልተጠየቅኩም፤ ደግነቱም እሱ ነው።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ታፈሰ ለገሃር ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ከንቲባው» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እሳቸውን አይመለከትም፤ የሰው ነገር አይነኩም። የእሳቸው አምሮት ሌላ ነው፦ ፏፏቴ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ውሃ ሽቅብ የሚረጭ ፏፏቴ።

ስምንቱም የምክር ቤት አባላት ተቃወሙ። መሪያቸው ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ብድግ አሉና፣ «አቶ ታፈሰ፣ ቦኖው ውሃ ካየ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሽቅብ የሚረጨውን ከየት ሊያመጡት ነው? ከእንባችን?» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ታፈሰ «ስብሰባው ተበትኗል!» ብለው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ማህተም እጃቸውን ሰደዱ። እትዬ ዘነቡ ቀደሟቸው። ማህተሙን አፈፍ አድርገው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ጋሽ ታፈሰም የቀረውን፣ ማህተሙ የሚነከርበትን የቀለም ሳጥን፣ አንስተው ኮታቸው ኪስ ከተቱ። እንግዲህ አስቡት። ማህተም ያለ ቀለም እንጨት ነው፤ ቀለም ያለ ማህተም እድፍ ነው።

«ሌላ ቀለም አይገዛም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ግዢ የሚፈቀደው በሊቀመንበሩ ፊርማ ነዋ! «ሌላ ማህተምስ?» እሱን የሚፈቅደው ምክር ቤቱ ነው። በሦስተኛው ቀን የጋሽ ታፈሰ ሸሚዝ በልባቸው በኩል ሐምራዊ ሆነ። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰናይት መጣች። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ደምበል አካባቢ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። እሁድ ሠርጓ ነው። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ያላገባች መሆኗን ቀበሌዋ ካልመሰከረላት አላጋባም ብሏታል። ደብዳቤውን ጻፍኩላት፤ ጋሽ ታፈሰ ፈረሙ።

«ማህተሙን እሳቸው ያምጡ» አሉ።

«ቀለሙን እሳቸው ያምጡ» አሉ እትዬ ዘነቡ።

«ኧረ በማርያም! ማለቴ… ድንኳኑ ተተክሏል፣ በሬው ተገዝቷል…» ሰናይት እንባዋ መጣ።

«የኔ ልጅ፣ ጉዳዩ የመርህ ነው!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሰናይት ዓይኗን ጠረገች። ቦርሳዋን ከፈተች። ሊፒስቲክ አወጣች።

«እትዬ፣ ማህተሙን አንዴ ይስጡኝ» አለች። እትዬ ዘነቡ ሊፒስቲኩን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ቋጠሯቸውን ፈቱ። ሰናይት ማህተሙን እንደ ሙሽራ ከንፈር ዳር ዳሩን ይዛ ቀብታ ቀብታ ደብዳቤው ላይ ጧ! አደረገችው። የቀበሌያችን ማህተም ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ እንጆሪ እንጆሪ እየሸተተ ወጣ።

«ይኼ ሕገ ወጥ ነው!» ጮኹ ጋሽ ታፈሰ።

«ፊርማው የማን ነው?» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ሰናይት መልሱን አልጠበቀችም፤ በረረች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ያለችው ጸሐፊ ደብዳቤውን አገላብጣ አይታ፣ አሽትታ፣ «ቀለም ቀየራችሁ እንዴ? ያምራል» ብላ ተቀበለቻት።

ወሬ በካዛንቺስ ከታክሲ ይፈጥናል። ዓርብ ጠዋት የቀበሌው ሰልፍ አስፋልት ደርሷል፤ ሰው ሁሉ ሊፒስቲክ ይዟል። አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ የባለቤታቸውን ሮዝ አሳዩኝና፣ «ከዚህ የጠቆረ የላትም» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። እትዬ ዘነቡ መጀመሪያ ላይ በድል ፈገግ ብለው ነበር። ከሰልፉ መሃል አንዱ፣ «እትዬ፣ ማህተሙን እዚያ ያስቀምጡት፤ እኛው እንመታዋለን፣ እርስዎ ምን አደከመዎት!» ሲል ግን ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ ጋሽ ታፈሰ ዞሩ። ጋሽ ታፈሰም ወደ እሳቸው ዞረዋል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቀለሙ ከኪስ ወጣ፣ ማህተሙ ከነጠላ ተፈታ፣ በቀበሌው ቅጥር ግቢ ሊፒስቲክ ይዞ መግባት በሙሉ ድምፅ ተከለከለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛዎቹ አብረው ሊፒስቲክ አሰሩ።

ውሳኔውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለጥፍ አንዲት ሴት ከኋላዬ አነበበችና «ታረቁ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ፈሩ» አልኳት።

«እሱም ያው ነው» ብላ መታወቂያዋን ልታሳድስ ገባች።