ጋሽ ዳርጌ፣ የጂንካ ከርነል

ነገር መምጣቱን ከሁሉ ቀድሞ ሰምቶ፣ ለሌላው ሳይናገር የሚያድርበት አንጀት የሌለው ሰው በየከተማው አለ። እንዲህ ያለ ጎረቤት አላውቅም የሚል ካለ፣ ወይ ጫካ ነው የሚኖረው፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

እኔ ጂንካ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ፍላሽ ስትሰኩ መጀመሪያ የሚያውቀው ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ እምብርት ነው እላለሁ። ፕሮግራሞቹ በየደቂቃው «መጣ? አልመጣም?» እያሉ እንዳይደክሙ፣ እሱ ከታች ሆኖ ወደ ላይ ይጣራል፦ መጣ ወይስ ሄደ፣ ምንድን ነው፣ በየት ገባ። ፍላሹን ከፍቶ ማየት የእሱ ሥራ አይደለም፤ ጆሮውን የከፈተ ፕሮግራም ሰምቶ የሚያደርገውን ያደርጋል። ያልገባው ተማሪ ካለ ስለ ጋሽ ዳርጌ እነግረዋለሁ።

ክቡር ጋሽ ዳርጌ በደርግ ጊዜ ከተማው መሀል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ዘበኛ ነበሩ። ሜዳው የከብቶቻችን ግጦሽ ስለሆነ፣ አውሮፕላን ሲመጣ በእጅ የሚዞረውን ሳይረን ያስጮኻሉ፤ ወጣቱ ሮጦ ከብቱን ወደ ዳር ያወጣል። ሥራቸው ይኸው ነበር። እሳቸው ግን ለአውሮፕላን ብቻ የተፈጠሩ አልመሰላቸውም።

«የጨው መኪና መጥቷል፣ በቀይ አፈር በር፣ የሚያገባው ይስማ!» «የዲመካው መኪና ሄዷል፣ የሚያገባው ይስማ!» ይላሉ፤ ቀይ አፈርም ዲመካም የጎረቤት ከተሞች ናቸው። የአጎቴ አማት የመጡ ዕለት ገና በር ሳያንኳኩ ታወጁና፣ አጎቴ በጓሮ ለማምለጥ በቂ ጊዜ አገኘ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ያላቸው ሰው ግን ጠላታቸው ነው። «እኔ መምጣቱን ነው የምናገር፤ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ» ብለው ፊታቸውን ያዞሩበታል።

የውትድርና አፈሳ ሲጀመር ሳቁ ቀረ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ድምፃቸው ሲሰማ እናቴ አረጋሽ እጇ አፏ ሳይደርስ ትቆማለች፤ የመጀመሪያዋን ቃል፣ «የጨው» ትሁን «የወታደር»፣ እስክንለይ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ የለም። ፈራሁ ማለት ያንሳል። ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ወርቅነህ ጋሽ ዳርጌን «ስለ ወታደር መኪና ትንፍሽ ብትል አንተው ትጫናለህ!» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ዝም ሲሉም መፍራት ጀመርን።

አንድ ጠዋት ሳይረኑ ጮኸ። «አውሮፕላን መጥቷል! ጉልበት ያለው ሁሉ ከብቱን ያውጣ!» እኛ ወጣቶቹ እንደ ልማዳችን ሮጠን ሜዳው ላይ ደረስን። ሰማዩ ባዶ ነው። ጋሽ ዳርጌ ሳይረኑን እያዞሩ የሚያዩት የቀይ አፈርን መንገድ ነው።

«ዳር ማውጣት አይበቃም! ወደ ነሪ ወንዝ ንዷቸው! ሳልጠራችሁ እንዳትመለሱ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከብቱን እየነዳን ወንዙ ዳር ካለው ጫካ ስንደርስ የከባድ መኪና ድምፅ ከኋላችን ወደ ከተማው ሲገባ ሰማን።

የሌለውን መጣ የሚል ከርነል ተበላሽቷል ማለት ነው ብዬ ነው የማስተምረው። ጋሽ ዳርጌ በዕድሜያቸው አንድ ቀን ተበላሹ።

ወታደሮቹ በየቤቱ ያገኙት ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ጓድ ወርቅነህ በቁጣ «አውሮፕላኑ የታለ?» ሲላቸው፣ ጋሽ ዳርጌ ቀና ሳይሉ «ሄዷል» አሉ። እሳቸውን ጫኗቸው። እኛ የሚጠራን ስለጠፋ ከብቱን ይዘን የተመለስነው ሲመሽ ነው።

ከተማው ጆሮው የተደፈነ መሰለ። ሁሉም ሥራውን እየጣለ መንገድ ዳር ወጥቶ ያያል፤ ጨው መጥቶ ሳንሰማ ያልቃል፤ እውነተኛው አውሮፕላንም መጥቶ፣ ሜዳው በከብት ስለተሞላ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆይቶ ተመለሰ። እኔ ምን አድርገዋቸው ይሆን እያልኩ በፍርሃት አለቅሁ። እንደዚያ የጠላሁት ድምፅ እንደዚያ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአጥራችን ውጭ የሻከረ ድምፅ ተሰማ።

«ዳርጌ መጥቷል፣ በቀይ አፈር በር፣ የሚያገባው ይስማ!»

እናቴ ሮጣ ወጣች። ከስተዋል፤ ጫማ የላቸውም፤ እግራቸው ቆስሏል።

«ጋሽ ዳርጌ፣ ምን ላድርግልዎ?» ብላ አለቀሰች።

«እኔ መምጣቴን ነው የምናገር» አሉ፤ «የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ታውቅ ነበር። ውሃ አሙቃ እግራቸውን ማጠብ ጀመረች፤ እኔም ሳሙናውን ይዤ አጠገቧ ተንበረከክሁ።