የመብራት ንዴት

መብራት ሲመጣ «መጣ!» ብሎ የማይጮህ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ጅማ አንዲት አውቃለሁ። ሞሚና ትባላለች፤ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሯን ትነቅላለች። ይሁን፣ ትንቀል። ሲመጣ ግን አትሰካም! እጇን አጣጥፋ ከአምፖሉ ጋር ትፋጠጣለች።

«ሱታ! ቀስ በሉ!» ትለናለች። «መብራት ተናዶ ነው የሚመጣው። ንዴቱ ይብረድለት።»

መብራት ባል ነው እንዴ እንዲህ የሚለማመጡት?

ፊት ለፊቷ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት ጋሽ ተሾመ ደግሞ ቀድመው ይሰኩና፣ «አንቺ ፈሪ! ደንበኞችሽን ልውሰዳቸው?» ይሏታል። እኛም ተንጋግተን እንሻገራለን።

ባለፈው ክረምት ግን ሰማዩ ሲያጓራ ውሎ፣ የሄደው መብራት ድንገት መጣ። ሰፈሩ «መጣ!» አለ። ጋሽ ተሾመ ሰኩ። አምፖሉ ሁሉ ቦግ ብሎ ፈነዳ። ከየሱቁ፣ ከጋሽ ተሾመ ኮምፒውተርም፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ።

ሞሚና የፈነዳ አምፖሏን ቀየረች፤ አዲሱን አፍጥጣ አየችው፤ ረጋ ሲልላት ሰካች። ኮምፒውተሯ ተነሣ!

«አልሐምዱሊላህ! ተራው የማን ነው?»

ከፊት የቆሙት ጋሽ ተሾመ ነበሩ፤ የደንበኞቻቸውን ወረቀት ታቅፈው።

ዛሬ መብራት ሲመጣ በመንገዳችን «መጣ!» የሚል የለም። ጋሽ ተሾመ አንገታቸውን በበር ብቅ አድርገው ይጮኻሉ፤

«ሞሚና ሰክታለች?»