ተናጋሪው፣ ዝምተኛውና የእኔ ኢጃዛ

ሰው ከእንቅልፉ ሳይነቃ ስለ መሪ መከራከር እንደሚችል ያወቅሁት አቡ ዳቢ ዳር፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ነው። የሥራ አውቶቡሳችን ከማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል። እኛ የጥበቃ ሠራተኞች ነን፤ እዚህ አገር ሲኪዩሪቲ ነው የምንባለው። አንዱ ካልሲውን በእጁ ይዞ ይገባል፣ ሌላው ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ያንኮራፋል። ገና ሾፌሩ ማርሽ ሳያስገባ ከኋላ ወንበር አንዱ ይጀምራል። አገር የሚያስፈልጋት ተናግሮ ሕዝብ የሚያነሳ መሪ ነው ይላል። ሌላው ሳይዞር፣ ንግግርማ ጠግበናል፣ አፉን ዘግቶ የሚሠራ ስጠን ይለዋል። በቃ፣ አቡ ዳቢ መሐል ከተማ እስክንደርስ ይኸው ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አገር ቤት ያሉት መሪዎች ሲቀያየሩ አይተናል፣ የአውቶቡሱ ክርክር ግን ያው ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አልነበርኩም። የዝምተኛው መሪ ደጋፊ ነበርኩ፣ ያውም እየጮኽኩ። “ሙያ በልብ ነው” እላለሁ። ጌታነህ የሚባል የሸዋ ሮቢት ሰው ደግሞ “ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል” ብሎ ይመልስልኛል። የእኛ ተረትና ምሳሌ እንደሆነ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ምስክር የትኛው ችሎት ነው የሚቀበለው?

ጌታነህን ብታውቁት ደስ ይላችኋል። ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፣ ችግሩም እሱ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ ወፈር ያለ ነው። እንደምን አደራችሁ ሲል በዓል የሆነ ይመስላል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደተበላሸ ሲያስረዳ ሰው ከየክፍሉ ወጥቶ ያዳምጠዋል። ቧንቧው አይሠራም፣ ግን ተስፋ ይሰጣችኋል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በመስከረም ነው። ልጄ ሰላማዊት ልታገባ መሆኑን ከደብረ ብርሃን ደውላ ነገረችኝ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ከአራት ዓመት በፊት ነበር። ያኔ ኮሌጅ ልትገባ ስትል ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። “አባዬ፣ ሠርጌ ላይ ካልቆምክ አላገባም” አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ወዲያው ኢጃዛዬን ማሰብ ጀመርኩ።

ኢጃዛ እዚህ የዓመት ፈቃድ ማለት ነው። በወረቀት አለን። በተግባር ግን ድርጅቱ በየወሩ የሚለቀው ሦስት ሰው ነው፣ ተራው ደግሞ የተደበላለቀ ነበር። ትናንት የተቀጠረው ሁለቴ ይሄዳል፣ የቆየው አንድም ጊዜ ሳይሄድ ይከርማል። ሁላችንም ቢሮ እየሄድን ስንጮህ የምንኖርበት ካምፕ አለቃ ሰለቸው። ኢትዮጵያውያኑ አንድ የሚናገርላችሁ ሰው ምረጡ፣ ሌላው ድርሽ እንዳይል አለን። የሚናገር ነው ያለው፣ ልብ በሉ።

ታዲያ ማን ይመረጣል? ጌታነህ ተነስቶ ስለ ስደተኛ ልጅ የአባት ናፍቆት ጥቂት ተናገረ። አንዱ እንባውን በዩኒፎርሙ እጅጌ ሲጠርግ አየሁ። እጅ አውጡ ተባለ። እኔ የዝምተኛው ደጋፊ፣ እጄን አወጣሁ። እንዴት እንደወጣ እስካሁን አላውቅም።

ጌታነህ ሙዲሩ ዘንድ፣ ማለት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ። አንድ ሰዓት ቆየ። ፊቱ በርቶ ወጣ። ሻይ እንዳዘዘለት፣ እንዳቀፈው፣ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም እንዳለው ነገረን። ኢጃዛውስ አልነው። “በሐሳቡ ተስማምተናል” አለን። አጨበጨብን። ኢጃዛው አልመጣም።

በጥቅምት ድጋሚ ላክነው። ይዞልን የመጣው የእግር ኳስ ነው። ሙዲሩ ለሞራላችሁ ብሎ ሰጠኝ አለ። በኅዳር ለሦስተኛ ጊዜ ገብቶ ሲወጣ የሙዲሩን ችግር አስረዳን። የሰው እጥረቱን፣ የበላዮቹን ጭቅጭቅ፣ የስኳር በሽታውን ሳይቀር ነገረን። አቤት ሲያስረዳ። ስለ ኢጃዛችን እንዲናገር የላክነው ሰው ለሙዲሩ እንድናዝን አድርጎ መለሰን። እኔ ራሴ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ስለ ሰውዬው ስኳር አሰብኩ። ጠዋት ስነቃ ግን ሠርጉ አምስት ወር እንደቀረው ትዝ አለኝ።

ያን ሰሞን አውቶቡስ ላይ አመፅ አነሳሁ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ፣ ይኼ ሰው በወሬው ሊያስቀረን ነው አልኩ። ሰይድን እንምረጥ አልኩ። ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ከአጠገቤ አልጋ ሦስት ዓመት ተኝቷል፣ የሚስቱን ስም አላውቅም። የሚናገረው ቃል ቢኖር “አብሽር” ነው። ታመምኩ ብትሉት አብሽር፣ ተባረርኩ ብትሉት አብሽር። አይዞህ ማለቱ ነው። ሲመረጥ ንግግር አድርግ አሉት። ብድግ አለ፣ “እሺ” አለ፣ ተቀመጠ።

ግን ሠራ። ሰይድ ሙዲሩ ዘንድ ድርሽ አላለም። ተራውን በኮምፒውተር የምታስገባውን አንዲት ህንዳዊት ጸሐፊ ፈልጎ አገኘ። ማን መቼ እንደተቀጠረ፣ ማን መቼ እንደሄደ በደብተር ጽፎ ወሰደላት። በየዕረፍት ቀኑ ሄዶ በሯ ላይ ይቀመጣል። አይለምንም፣ አይከራከርም፣ ይቀመጣል። ለጥር ሦስት ሰው ወጣ፣ ያውም በትክክለኛው ተራ። እኔማ አውቶቡሱን ተቆጣጠርኩት። አያችሁ ወይ፣ አገር የሚያድነው እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ አገራችን ያጣችው ሰይድ ነው እያልኩ ደሰኮርኩ። ጌታነህ እንኳ ሽንፈቱን አሳምሮ ነው የተቀበለው፣ በአጭር ንግግር።

በየካቲት ድርጅቱ አል አይን ወደሚባል ሌላ ከተማ አዛወረኝ። በስዌይሃን በረሃ በኩል ሄድን፤ ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆመን ጠበቅን። አል ሙዋይጂ ውስጥ አንድ የቪላዎች ግቢ በር ላይ ተመደብኩ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያልፈው የትምህርት ቤት መኪናና ማዳም የላከቻት ሠራተኛ ናት። የሚያከራክረኝ ሰው ስላጣሁ ስለ መሪ ማሰቡንም ተውኩት።

ኢጃዛዬ እንዴት ሆነ? ሰይድ ይዞታል። አንድ ጊዜ ደወልኩለት፣ “አብሽር” ብሎ ዘጋው። እኔም ኮራሁ፤ መሪ ማለት እንዲህ ነው አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ጾሙ ገባ። ተጋመሰ። ለሠርጉ ጥቁር ሱፍ ልብስ ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩ። ሰላማዊት ስትደውል እየመጣሁ ነው እላታለሁ።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል ስልኬ ጮኸ። ጌታነህ ነው። ወንድሜ፣ ቦታህን ስለለቀቅህልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለኝ። የምን ቦታ አልኩት። የኢጃዛህን ነዋ አለኝ።

ሰይድ እንደሆነ ሥራውን ሠርቷል። የሚያዝያ ኢጃዛ ላይ ስሜን አንደኛ አድርጎ አስወጥቷል። ወረቀቱን ተቀብሎ ካምፑ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። ስሙ ያለበት በሰባት ቀን ቢሮ መጥቶ ይፈርም፣ ካልፈረመ ለቀጣዩ ተራ ያልፋል ይላል ወረቀቱ። ሰባቱ ቀን አለፈ። ቀጣዩ ተራ ጌታነህ ነበር። ቲኬቱም ተቆርጧል።

ሰይድን ደውዬ፣ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። “ለጥፌዋለሁኮ” አለኝ። እኔኮ አል አይን ነኝ አልኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ። እኔ ያን ዝምታ ስንት ዓመት አመስግኜዋለሁ። በመጨረሻ፣ “እሱስ እውነትህን ነው” አለኝ። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። ምን ብዬ? የሠራ ሰው እንዴት ይሰደባል? ደግሞስ እኔ ምን አንደበቴን ዘጋው? ሁለተኛ መደወል ማን ከለከለኝ?

መቼም ሁለቱም ደጎች ናቸው። በማግስቱ አብረው ቢሮ ገቡ። ሰይድ ደብተሩን ይዞ፣ ጌታነህ አፉን ይዞ። ቦታውን ልመልስለት ብሎ ጌታነህ ጸሐፊዋን እስክታለቅስ ተናገረ አሉ። ሰይድም ወረቀቱን ገጽ በገጽ አሳያት። እሷም ዓይኗን እየጠረገች፣ ሲስተሙ ተዘግቷል፣ ኸላስ፣ አበቃ አለቻቸው። ተናጋሪና ሠሪ አንድ ላይ ቢሆኑ አገር ትድን ነበር የምትሉ ሰዎች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እኔ አንድ ላይ ልኬ አይቻለሁ።

ለሰላማዊት ስነግራት አልጮኸችም። “እሺ አባዬ” ብቻ አለችኝ። የሆዷን አለመናገር ከእኔ ነው የወረሰችው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጌታነህ ግን ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደ። በአባቷ ቦታ እኔ እቆማለሁ አለ፣ ቆመም። ሱፍ ልብሱንም የእኔን ነው የለበሰው፣ ይዘህልኝ ሂድ ብዬ ካምፕ ድረስ የላክሁለትን። እጅጌው አጥሮታል። አንዲት ዘመዳችን የቀረጸችውን ቪዲዮ የጥበቃ ክፍሉ ውስጥ በምሳ ሰዓቴ አየሁት። ምሳዬንም ትቼ ነው ያየሁት።

ጌታነህ ማይክራፎኑን ያዘ። የዚች ልጅ አባት በየማለዳው አውቶቡስ ላይ ከአጠገቤ ይቀመጣል አለ። ሌሎቻችን ስለ ፖለቲካ ስንጨቃጨቅ እሱ መስኮቱን እያየ የሰላማዊትን ስም ይጠራል አለ። የሕፃንነት ፎቶዋን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ፀሐዩ ሲበረታበት አውጥቶ ያያታል አለ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። የሙሽራው አባት ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ።

እኔ? መስኮት? እዚያ አውቶቡስ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የምጨቃጨቀው እኔ ነኝ። ስሟን አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። ፎቶውም የለኝም። ቁጭ ብዬ ሁሉም ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ እንደ አዳራሹ ሰው አለቀስኩ። ምክንያቱም የተናገረው ነገር አልተደረገም እንጂ፣ ስሜቱ የእኔ ነበር። ከየት እንዳወቀው እንጃ።

በማግስቱ ሰላማዊት ደወለች። “አባዬ፣ እንደዚህ እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር” አለችኝ።

ዘጠኝ ዓመት በዚህ ፀሐይ ቆሜ አስተማርኳት። ሥራዬ ይነግራታል ብዬ ነበር። አሁን እንኳ ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት የሚባለው ነገር ጠፋኝ። ከዚያ፣ “ምሳ በላሽ?” አልኳት።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ወደ አቡ ዳቢ መልሰውኛል፣ ማለዳ ማለዳ ያው አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ክርክሩም ያው ነው። ባለፈው ሳምንት የካምፑ አለቃ ተወካይ ድጋሚ ምረጡ አለን። ለጌታነህ እጄን አወጣሁ። ሰይድ አየኝ። ከስብሰባው በኋላ አጠገቤ መጥቶ፣ “ምን አጠፋሁ?” አለኝ። ምንም አላጠፋህም አልኩት፣ እውነቴንም ነው። እሱም በሕይወቱ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

“ጌታነህኮ ኢጃዛ አያመጣልህም” አለኝ።

“አውቃለሁ” አልኩት። “ሰላማዊት ግን ልትወልድ ነው። ክርስትናው ላይ የማልገኝ ከሆነ፣ ለምን እንዳልተገኘሁ አሳምሮ የሚናገርልኝ ሰው ይኑረኝ።”