የሰው ቤት አስተካካይ

እናንተዬ፣ የሰው ቤት ካላስተካከሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ የባለቤቴ እህት ሆዳን ገጥማኛለች! ጅግጅጋ ቤቴ ውስጥ ድሪያ የምሰፋባትን ጥግ ገና ስታይ «ውይ፣ ይሄ ሁሉ ኮተት!» አለች። ገበያ ደርሼ ስመለስ መርፌው በጠርሙስ፣ አዝራሩ በየቀለሙ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸው ክሮችስ?

«ቋጠሮ የበዛባቸው አሮጌ ክሮች ናቸው፤ አቃጠልኳቸው» አትለኝም!

እናቴ እንዳስተማረችኝ የእያንዳንዷን ደንበኛ ደረትና ቁመት የምይዘው ክር ላይ ቋጥሬ ነው። ኢድ በደረሰበት ሰዓት የስንት ሴት ልክ አመድ ሆነ! ይህ ጽዳት ነው ወይስ ዝርፊያ?

ንዴቴ ሳይበርድ ሆዳን ፈገግ ብላ «የእኔስ ድሪያ ለኢድ ይደርሳል አይደል?» አለችኝ።

ከደረደረቻቸው ጠርሙሶች አንዱን አንስቼ አመዱን ሞላሁና ሰጠኋት።

«ልክሽ እዚህ ውስጥ አለ፤ ፈልጊና አምጪልኝ!»