ደመና ሲወርድ የሚደወል ስልክ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ማስረጃ አለህ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ላይ አለ፣ ለቅሶ ላይ አለ፣ ሚኒባስ ውስጥማ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ለሮቤ ከተማ የደረሳት የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ደጀኔ ነው። ባልደረባው ፊሮምሳ «ሊቀ ማስረጃ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል፤ ደጀኔም ማዕረጉን አልጠላውም።

ስልክ የደረት ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ልብ ያደክማል ተብሎ በቴሌግራም ሲወራ፣ ደጀኔ ሁለት ስልክ ደረቱ ላይ ሸጉጦ አንድ ወር ሙሉ ዳገት ሲወጣ ከረመ። ፊሮምሳ ደግሞ «ስልኬ ወሬዬን ያዳምጣል መሰለኝ፤ ስለ በግ ሳወራ ውዬ የበግ ማስታወቂያ መጣብኝ» ቢለው፣ የፊሮምሳን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳምንቱን ስለ ግመል አወራለት። አንድም ግመል አልመጣም።

«እሺ ኦቦ ደጀኔ፣ ገባኝ» እስኪለው አልለቀቀውም።

ይህን ሁሉ ሰው ችሎት ይኖራል። ጉዱ የመጣው ከአክስቱ ጋር ነው።

አክስቱ ወይዘሮ ወለተ ማርያም የሚኖሩት ጎባ፣ የሳነቴ ተራራ ሥር ነው። ከሳነቴ የሚወርድ ዝናብ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይደርሳል፤ ሮቤ እስኪመጣ ጊዜ አለው። እሳቸው ደግሞ ስልክ መብረቅ ይስባል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ደመናው ወርዷል። ስልክህን አጥፋ።»

ይህን ብለው ይዘጋሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን ያጠፋሉ። ሌላ ወሬ የለም። ስንት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ዘንድሮ በግንቦት ልደታ ደጃቸው ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ ሲበላ፣ ሰማዩ ከበደ። «በሉ ስልካችሁን አጥፉ» አሉ እትዬ። ደጀኔ ንፍሮውን አስቀምጦ ተነሣ።

«እትዬ፣ ስልክ መብረቅ የሚስብ ከሆነ፣ እርስዎ ደመናው ሥር ሆነው ለእኔ የሚደውሉት በምንድን ነው? በደብዳቤ ነው?»

ጎረቤቱ ሳቀ። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው ሳቁ። ደጀኔ ረታ፤ ደስ ብሎት ወደ ሮቤ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። መጀመሪያ ላይ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ሰኔ ዘነበ፣ ሐምሌም ዘነበ፣ ስልኩ ዝም። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ቢሮው መስኮት ጋ ቆሞ በጎባ በኩል የጠቆረውን ሲያይ፣ በልደታ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ራሱ መጣለት። ሴትዮዋ ስልክ መብረቅ እንደሚስብ እያመኑ ነበር የሚደውሉት። እሱን እስኪያስጠነቅቁ ድረስ የራሳቸውን ስልክ አያጠፉም። በየደመናው ሞትን ፈርተው፣ ግን መጀመሪያ ለእሱ ደውለው። እሱ ደግሞ በሰው ፊት መሳቂያ አደረጋቸው። ምነው አፌን በቆረጠው አለ በልቡ።

«ምን ሆንክ?» አለው ፊሮምሳ።

ደጀኔ ስልኩን አነሣ። ደወለ፤ እትዬ ወዲያው አነሡት።

«እትዬ፣ ደመናው ወርዷል። ስልክዎን ያጥፉ።»



«ማስረጃ የለውም ስትል አልነበር እንዴ፣ ልጄ? እኔማ ትቼዋለሁ። ከልደታ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም፤ አንድ ቀን ትደውል ይሆናል ብዬ።»