ጋሽ ከሊፋ ሲመጡ የሚድነው ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር የገባበት ሰፈር ሁሉ አንድ ጋሽ ከሊፋ አለው። የለንም የሚል ሰፈር ካለ ኮምፒዩተሩ ገና አልተበላሸም ማለት ነው። ማሽኑ ቀጥ ባለ በዓይን ጥቅሻ ከየት መጡ ሳይባል በር ላይ ይቆማሉ፤ ሽርጣቸውን ጠበቅ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና ማንም ሳይጠይቃቸው «አትንገሪኝ፤ አውቄዋለሁ» ይላሉ።

የእኛዎቹ ጋሽ ከሊፋ የጅቡቲ፣ የካርቲየ ሦስት ሰፈር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸውን ድሬዳዋ የዳሩ ሰው ናቸው። ድሬ ተወልደው ስላደጉ «አንቱ» ሲባሉ ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስላቸውና ዞር ብለው ያያሉ። ስለዚህ ሰፈርተኛው ሁሉ አንተ ይላቸዋል። እኛ ግን ለሙያቸው ክብር ስንል አንቱ እንላቸዋለን፤ ሙያቸው ምን እንደሆነ ብቻ አትጠይቁን። እሳቸው እንደሚሉት «ኮንቴይነር በአየር ላይ ያንሳፈፈ ሰው ይህቺ ካርቶን የምታህል ነገር ታቅተዋለች?»

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብዝታ የሰማችው ጸደንያ ናት። አያቷ በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚያው የቀሩ የጅቡቲ ልጅ ስትሆን ከጋሽ ከሊፋ ጋር በግድግዳ ትዋሰናለች። ግድግዳው ጣውላ ነው፤ ጋሽ ከሊፋ ሲያስነጥሱ «ይማርህ» የምትለው እሷ ናት። ሁለቱ ቤቶች ድሮ አንድ ነበሩ። ለሁለት ሲከፈሉ የመብራቱን ገመድ ከዚያኛው ወደዚህኛው የሳበው ማን ይመስላችኋል? «ይሄን መስመር የዘረጋሁት በዚህ እጄ ነው» ይላሉ ጣራውን በኩራት እያሳዩ። «እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልገደለም።»

ጸደንያ የሠርግ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ከዚያ በጠባቧ የፊት ክፍሏ ቁጭ ብላ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዘፈን ታለብሳለች፤ በሙሽሪት ራስ ላይ ጽጌረዳ አዝንባ በዲቪዲ ታወጣለች። ነገሩ የሆነው ዲቪዲ ገና ንጉሥ በነበረበት ዘመን ነው። አሮጌው ኮምፒዩተሯ ጽጌረዳ አዝንብ ሲባል እያቃሰተ ቢያስቸግራት፣ ከዱባይ በሰው ሻንጣ አዲስ ቪዲዮ ካርድ አስመጣች። ጠዋት ገጠመችው፤ ጽጌረዳው እንደ ጉድ ዘነበ። ከምሳ በኋላ ኮምፒዩተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ጊዜው ደግሞ የማይሆን ጊዜ ነበር። የጨርቅ ነጋዴዋ ናዒማ ልጇን ውዳድን ድራ፣ የሠርጉን ፊልም ይዛ ዓርብ ወደ ድሬዳዋ ልትሄድ ተሰናድታለች። እዚያ አልጋ ላይ የዋሉት እናቷ የልጅ ልጃቸውን ሠርግ በዓይናቸው ሳያዩ መሞት አልፈልግም ብለው ይጠብቃሉ። በዚያ ላይ ናዒማ የማትጠራበት ሠርግ የለም። እሷ «ጎበዝ ናት» ያለቻት ሥራ አታጣም፤ እሷ ከንፈሯን የመጠጠችባት ግን ካሜራዋን ሸጣ ሌላ እንጀራ ትፈልግ።

«ዓርብ ጠዋት ፊልሙ እጄ ካልገባ» አለቻት ናዒማ፣ «እኔ እናቴ ፊት ምን ብዬ እቀርባለሁ? አንቺስ እኔ ፊት ምን ብለሽ ትቀርቢያለሽ?»

ፊልሙን ወደ ዲቪዲ ማውጣት ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከሀ ይጀመራል። አዲሱን ካርድ አውጥታ ስታየው ማሽኑ አይጠፋም፤ ጽጌረዳው ጋ ሲደርስ ግን ፍንክች አይልም። ካርዱን ስትመልሰው ይሮጣል፤ ከምሳ በኋላ ይጠፋል። ሌሊቱንም እንዲሁ፤ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይወድቃል።

መጀመሪያ የጠፋ ዕለት ጋሽ ከሊፋ በር ላይ ነበሩ። «አትንገሪኝ፤ አውቄዋለሁ። ራም ነው።» ራሙን ነቅለው እፍ አሉበት፣ በላጲስ ፈተጉት፣ መልሰው ሰኩት። ማሽኑ ተነሳ። ሻያቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ምንም ሳይል ሠራ። «አየሽ!» ብለው ወደ ጫታቸው ተመለሱ። ጥቂት ቆየና ድርግም።

በማግስቱ ጸደንያ በራቸውን አንኳኩታ ብትጠራቸው «አትንገሪኝ፤ ሙቀት ነው» አሉ። «በዚህ በካምሲን ንፋስ ሐሩር ሰውስ ይጠፋ የለ?» የማሽኑን ጎን ገንጥለው የጸደንያን ማራገቢያ ደቀኑበት። ማሽኑ ቀዝቀዝ ብሎት ሠራ፤ ጸደንያ በላብ ተጠመቀች። እሳቸው ሲሄዱ ድርግም።

ቀጥሎ ዓይን ነው ተባለ። «ካርዱን ከካርቶኑ ስታወጪው ማን አየ?»

«አንተ ብቻ ነህ ያየኸው፣ ጋሽ ከሊፋ።»

«ከእኔ ሌላ!»

ከእሳቸው ሌላ ማንም አልነበረም። ቢሆንም ቁርኣን ቀሩበት። ጸደንያም በበኩሏ የገብርኤልን ሥዕል ሞኒተሩ ላይ ደገፍ አደረገች፤ ከሁለት አንዱ አይጠፋም ብላ። ማሽኑ ተነሳ፣ ሠራ፤ ጋሽ ከሊፋ ወጡ፤ ጠፋ። በሌላው ቀን «ካርዱ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ ጀርባውን ለባሕር ሰጥተሽው እንዴት ይሠራልሻል?» ብለው ጠረጴዛውን ከነማሽኑ ወደ ወደቡ አዞሩት። ጸደንያ ከዚያ በኋላ የምትሠራው ፊቷን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዋን ወደ ደንበኛ አድርጋ ነው።

ጉዱ ምኑ ላይ መሰላችሁ? ያደረጉት ሁሉ ይሠራል! እሳቸው ካሉ ኮምፒዩተሩ የጨዋ ልጅ ነው። የጠፋውም እሳቸው ገና ደጃፉን ሳይረግጡ በአንድ ጠቅታ ይነሳል። ጋሽ ከሊፋ መጀመሪያ ገረማቸው፣ ቀጥሎ ለመዱት፣ በመጨረሻም አመኑበት። «ይፈራኛል» ይሉ ጀመር። «ክሬኑም እንዲሁ ነበር።»

ጸደንያ ቢቸግራት መሃል ከተማ ሱቅ ያለው እንድሪያስ የሚባል ቴክኒሻን ዘንድ ተሸክማው ሄደች። እንድሪያስ ቀኑን ሙሉ ከነካርዱ ሲያሠራው ዋለ፤ ማሽኑ ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም።

«ምንም የለበትም» አላት።

«ቤት ግን ይጠፋል።»

«እንግዲያው ቤት ቀይሪ» ብሎ ሳቀ።

ስትመለስ ጥግ ላይ ጫት የምትሸጠው ኻሊዳ ማሽኑን በእቅፏ አይታ «አቦ ምን ያስጨንቅሻል?» አለቻት። «ጫት ከተማ ሲገባ አይደል የሚጠፋው? የአገሩን ሰው መስሏላ! ከምሳ በኋላ እዚህ አገር ማን ሲሠራ አይተሻል? በይ ይሄን ቀንበጥ አድርጊለት።» ጸደንያ ወጉ አይቅር ብላ፣ ወይም አእምሮዋ ዞሮ፣ ቀንበጡን ማሽኑ ራስ ላይ አስቀመጠችው። ጋሽ ከሊፋ ሊያክሙ መጡና ቀንበጡን ቃሙት።

ሐሙስ ደረሰ። ጸደንያ ጎህ ሳይቀድ ፊልሙን ወደ ዲቪዲ ማውጣት ጀመረች። ጠዋቱ ሰላም ነበር። ከምሳ በኋላ በስክሪኑ ላይ ውዳድ ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋውን እንዳነሳች ድርግም! ጸደንያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያች ሰዓት ተጀምሮ ሳይቋረጥ ቢሠራ ለእኩለ ሌሊት ይደርስ ነበር፤ አንድ ጊዜ እንደገና ከጠፋ ግን አለቀ፣ ደቀቀ።

ጋሽ ከሊፋ መጡ፣ «አትንገሪኝ» አሉ፣ ማሽኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ተነሳ። እሷም እንባዋን ጠርጋ ከሀ ጀመረች። በዚህ መሃል አብሮ አደጋቸው ሙላው፣ ዘወትር አብሯቸው የሚቅመው፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ በር ላይ ብቅ አለ።

«አንቺ ልጅ» አላት፣ «ያንቺ ኮምፒዩተር በታመመ ቁጥር የምቀቀለው እኔ ነኝ! ይሄ ሰውዬ ወዳንቺ ሲመጣ ኤሲውን አጥፍቶብኝ ነው የሚወጣው።»

«ባለቤቱ የሌለበትን ቤት ማቀዝቀዝ ጂኒ መጋበዝ ነው» አሉ ጋሽ ከሊፋ።

«እኔስ?»

«አንተ እንግዳ ነህ። እንግዳ ይታገሣል።»

እየተነታረኩ ወጡ። ጸደንያ ግን ባለችበት ቀረች። ሙላው ያለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣም። ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጠፈች። የጋሽ ከሊፋ በር ሲዘጋ ሰማች፤ ትራሱ ሲደለደል ሰማች፤ ሙላው «በል አብራዋ!» ሲል ሰማች። ከዚያ ኤሲው ድው ብሎ ተነሳ። የጣራዋ አምፖል ደብዘዝ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ድርግም አለ።

ለካስ ራም አልነበረም፣ ሙቀት አልነበረም፣ ዓይንም አልነበረም። ጋሽ ከሊፋ በዚያ እጃቸው በዘረጉት አንድ ቀጭን ገመድ ሁለት ቤት ይጠጣል። አዲሱ ካርድ ብዙ መብራት ይፈልጋል፤ ኤሲው ሲነሳ ደግሞ የገመዱን መብራት ጠቅላላ ይመጥጠዋል፤ ካርዱ ሲራብ ማሽኑ ይወድቃል። ሐኪሙ ሊያክም ሲመጣ በሽታውን ቤቱ አጥፍቶ ይመጣል፤ ሲመለስ ያበራዋል።

የጸደንያ ደም ፈላ። ስንት ቀን! ስንት እንባ! ያ ሁሉ ላጲስ! ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወጣች። ዛሬስ እነግረዋለሁ፣ ሙላው ፊት እነግረዋለሁ፣ ሰፈሩ ይስማልኝ እያለች የጋሽ ከሊፋን በር ገፍታ መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ስትዘረጋ ድምፃቸው ከውስጥ መጣ።

«ሙላው፣ ሰዉ ጡረታ ወጣ፣ አበቃለት ይለኛል። ይኸው! ያቺ ልጅ ያለ እኔ አንድ ቀን አትውልም፣ ወላሂ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ‹ጋሽ ከሊፋ ድረስልኝ› ያለኝ ሰው ማን ነው? እሷ ናት። ማሽኗ ባይታመም ማን በሬን ያንኳኳ ነበር?»

«እኔ አለሁ አይደል?» አለ ሙላው።

«አንተ የምትመጣው ለኤሲው ነው።»

ጸደንያ መጋረጃውን እንደያዘች ቆመች። አንጀቷን በሏት። እነግረዋለሁ ያለችውን ሁሉ ተወችው። ነገ ናዒማ እንደምትመጣም አልረሳችም። መጋረጃውን ገለጠች።

«ጋሽ ከሊፋ...»

«አትንገሪኝ፤ አውቄዋለሁ። ጠፋ።»

«ጠፋ። ያለ አንተ እንቢ አለኝ። በናትህ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ሆነህ ቃም።»

ጋሽ ከሊፋ ሙላውን አዩት፤ እንዲህ ያለ አስተያየት የተሾመ ሰው ብቻ ነው የሚያየው። ኤሲውን አጠፉ፤ ጸደንያ ድው ብሎ ሲቆም በጆሮዋ ሳትሰማ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ፔርሙዝ፣ ጫት፣ ሙላው፤ ሁሉም በሰልፍ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባ። ማራገቢያው የኮምፒዩተሩ ነውና ሰዎቹ ተቀቀሉ። «እኔ ምን በድዬ ነው?» እያለ ሙላው እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጣለ። ጋሽ ከሊፋ ግን ከማሽኑ ፊት ንቅንቅ አላሉም። በስክሪኑ ላይ የምትሳበዋን መስመር በጣታቸው ወደ ፊት እየገፉ «ቀስ... ቀስ... አውርድ...» ይላሉ፤ ኮንቴይነር ከመርከብ እያወረዱ ነው። ውዳድ ኬኩን ቆረሰች። ጽጌረዳው ዘነበ። እኩለ ሌሊት ላይ ማሽኑ ምላሱን አውጥቶ ዲቪዲውን አቀረበ፤ ጋሽ ከሊፋ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት።

ዓርብ ጠዋት ናዒማ ወሰደችው። ከድሬዳዋ ስትደውል እናቷ ፊልሙን አይተው እንዳልጠገቡ፣ ሐኪም ሲመጣ እንኳ «ቆይ፣ ጽጌረዳው ይለፍ» እንዳሉት እየሳቀችም እያለቀሰችም ነገረቻት። የካርቲየ ሰባት ሙሽሮች ሳይቀሩ ጸደንያ ደጅ ተሰለፉ።

ጋሽ ከሊፋ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ድሬ በሄዱበት ጊዜ ጸደንያ ባለሙያ ጠርታ የራሷን መስመር አስገባች። ኮምፒዩተሩ ከዚያ ወዲያ አንዴም አልጠፋም። ጋሽ ከሊፋ ተመልሰው በበሯ ሲያልፉ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ማሽኑ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«ምንም አይልም? ከምሳ በኋላም?»

«ምንም አይልም።»

«ጥሩ ነው» አሉ። ፊታቸው ግን መርዶ የሰማ ሰው ፊት ሆነ። ከዚያ በኋላ በበሯ ማለፍ ተዉ። ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የኤሲው ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ማስነጠሱ እንኳ ቀረ። ጸደንያ ሥራዋ ሞልቶ ተርፎ፣ ጽጌረዳው እየዘነበ፣ ክፍሉ ጭር አለባት። ናፈቋት፤ ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሥራዋን በደንብ አስቀመጠች፣ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ሶኬቱን ነቀለች፣ ሄዳም የጎረቤቷን በር ደበደበች። «ጋሽ ከሊፋ፣ ድረስልኝ!» ሽርጣቸውን በወጉ ሳያስሩ ነው የወጡት። «አትንገሪኝ!» ድምፃቸው መንገዱ ድረስ ተሰማ። «ራም ነው!»

ከዚያ ወዲህ ያ ማሽን ዓመሉን መልሶ አመጣ። ጫት ሲገባ ይጠፋል፤ ጋሽ ከሊፋ ይመጣሉ፣ ይነሳል፣ ሻይ ይጠጣል። ሙላው ይቀቀላል።

ውሎ አድሮ ግን ጸደንያን ኅሊናዋ ቆጠቆጣት። እሳቸው ጠረጴዛው ሥር ተንበርክከው ገመድ ሲዳብሱ «ጋሽ ከሊፋ» አለች፣ «አንድ ነገር ልንገርህ። ይህ ማሽን እኮ...»

ጋሽ ከሊፋ የተነቀለውን ሶኬት በእጃቸው ይዘዋል። ቀና ብለው ጣራውን አዩ፤ በጣራው ላይ እሳቸው ያልዘረጉት አዲስ ነጭ ገመድ ተወጥሯል። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ በዓይናቸው ተከተሉት፤ ከዚያ ጸደንያን አዩ።

«አትንገሪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አውቄዋለሁ።»

ሶኬቱን ሰኩት። ማሽኑ ተነሳ። ጋሽ ከሊፋ ከጠረጴዛው ሥር እያቃሰቱ ወጥተው ትራሳቸው ላይ ተደላደሉና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«አየሽ፣ አሁንም ይፈራኛል። በይ ሻዩን አምጪው።»